ከፖሊመሬዝ ጀርባ ያሉት

የተከበራችሁ የባዮሎጂ መምህራን፣ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ዲኤንኤ ቅጂ አጠቃላይ ገለጻ እንዳቀርብ ጠይቀውኛል። እናንተ ግን ለዓመታት ያስተማራችሁትን ደግሜ አላሰለቻችሁም። ሁለቱ ሰንሰለቶች ይለያያሉ፣ ቀጂው ኢንዛይም ፖሊመሬዝ ይመጣል፣ ከዲኤንኤ አራት ፊደሎች «ኤ»ን ከ«ቲ»፣ «ጂ»ን ከ«ሲ» ያጣምራል፣ አለቀ። ተማሪዎቻችን ይዘው የሚወጡት ይህንን ነው። እኔን የሚቆጨኝም ይኸው ነው።

ፖሊመሬዝን አልንቅም። አርተር ኮርንበርግ የመጀመሪያውን ከባክቴሪያ ለይቶ አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ኖቤል ተሸልሟል፤ ይገባዋል። ነገር ግን የባክቴሪያውን ዋና ቀጂ፣ ፖሊመሬዝ ሦስትን፣ ከረዳቶቹ ነጥላችሁ ዲኤንኤ ላይ ብታስቀምጡት አሥር ያህል ፊደል ጨምሮ ይወድቃል። አሥር! የሰው ህዋስ ደግሞ አንዴ ለመከፈል 6 ቢሊዮን ገደማ ጥንድ ፊደል መቅዳት አለበት።

ታዲያ ፖሊመሬዙን ማን ይዞት ነው የሚቀጥለው? ዲኤንኤውን ጣት ላይ እንደገባ ቀለበት ከቦ የሚንሸራተት ፕሮቲን ነው። በባክቴሪያ ቤታ፣ በእኛ ህዋስ ፒሲኤንኤ ይባላል። ዝግ ስለሆነ በራሱ አይገባም። በእኛ ህዋስ አርኤፍሲ የተባለ ሌላ ረዳት በኤቲፒ፣ ማለትም በህዋሱ ነዳጅ፣ ጉልበት ከፍቶ ያስገባዋል።

አሁን ወደመጣሁበት ጉዳይ ልግባ። አንዲት ከሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረች ተማሪ በእረፍት ሰዓት ደብተሯን ይዛ መጣች። ጠርዙ ላይ ሁለት መስመር ስላ፣ መሃላቸው ጂ እና ቲ ጽፋ፣ ከጎናቸው ትልቅ የጥያቄ ምልክት አድርጋለች። «ቲቸር፣ እነዚህ በስህተት ቢጣመሩ፣ ጠጋኙ ፕሮቲን የተሳሳተው የቱ እንደሆነ በምን ያውቃል? ትክክለኛውን ቢያነሳስ?» አለችኝ። ቀድሞ የነበረችበት ትምህርት ቤትም ጠይቃ ነበር። የተሰጣት መልስ «ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም» የሚል ነው።

ባልደረቦቼ፣ ልጅቷ የጠየቀችው የጉዳዩን ልብ ነው! ጂም ቲም ለየብቻቸው ጤነኛ ናቸው። አዲሱ ሰንሰለት የቱ እንደሆነ የማያውቅ ጠጋኝ ግማሹን ጊዜ ትክክለኛውን አጥፍቶ ስህተቱን ያጸናል። መልሱ ያለው እዚያው ቀለበቱ ጋ ነው። ፒሲኤንኤ ሁለት ገጹ አይመሳሰልም፤ አርኤፍሲም ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ነው የሚያስገባው። ሙትኤስ አልፋ የተባለው ጠጋኝ ፕሮቲን የተሳሳተውን ጥንድ ሲያገኝ፣ ሙትኤል አልፋ የተባለው ባልደረባው የቀለበቱን አቅጣጫ ተከትሎ አዲሱን ሰንሰለት ይቆርጣል። ስህተቱ ያለበት ክፍል ተነስቶ እንደገና ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤልን የተጋራው ፖል ሞድሪች ለአሥርተ ዓመታት የለፋው በዚህ የጥገና ሥራ ላይ ነው። ሰው ዕድሜውን የሰጠበትን ጥያቄ አንዲት ልጅ በእርሳስ ጽፋ ስትመጣ፣ እኛ «አይመጣም» ብለን እንመልሳታለን?

ፖሊመሬዝ ፊደል ሲመርጥ ከ100 ሺህ አንዴ ገደማ ይስታል። የራሱ ማረሚያ ስህተቱን ቀንሶ ከ10 ሚሊዮን አንዴ ገደማ ያደርገዋል። በ6 ቢሊዮን ላይ አስሉት፤ በያንዳንዱ ክፍፍል መቶዎች ይቀራሉ። ስህተቱን ከቢሊዮን አንዴ ገደማ የሚያደርጉልን ጠጋኞቹ ናቸው። ጠጋኞቹ ከሚሠሩባቸው ጂኖች ኤምኤልኤች1 ወይም ኤምኤስኤች2 የተባለውን ተበላሽቶ የወረሱ ሰዎች የአንጀትና የማህፀን ካንሰር ስጋታቸው ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። ሊንች ሲንድሮም ይባላል።

ነጠላውን ሰንሰለት ሸፍኖ የሚጠብቀው «አርፒኤ» የተባለ ፕሮቲን አለ፤ የአዲሱን ሰንሰለት ቁርጥራጮች የሚያያይዘው ላይጌዝም አለ። ጊዜዬ አልቋልና በስም ብቻ አልፋቸዋለሁ።

ፈተና የምታወጡ ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ። «ዲኤንኤን የሚቀዳው ኢንዛይም ማን ይባላል?» የሚለውን ከፈተናው ሰርዙልን። በቦታው የልጅቷን ጥያቄ አስገቡ። አስገቡትና «አይመጣም» የሚል መምህር ይፈለግ!

አመሰግናለሁ።