የሴት ሯጮቻችን ልብም ይታይ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አሠልጣኞች፣ ወላጆች፣ ልጆቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን የፈቀዱልንን፣ ቡናውን ያፈሉልንን እናቶች እናመሰግናለን። ዓመቱ ክፉ አልነበረም። ጫማ ተገዝቷል፤ ሁለት ልጆቻችን ክለብ ገብተዋል። ቀሪውን ጸሐፊያችን ያነቡታል።

እኔ እንቅልፍ የነሳኝን ልናገር። የልብ ምርመራው ነገር ነው። ያዋጣነው ብር ለሁሉም አልበቃም። ወንዶቹ ይቅደሙ አላችሁ፤ ሴቶቹ ለከርሞ ተባሉ። ምክንያታችሁ ይገባኛል። ሜዳ ላይ ልባቸው ድንገት ቆሞ የሚሞቱት በብዛት ወንዶች ናቸው። ታዲያ የሴቷ ልብ ምንም አይሆንም ያለው ማነው?

ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰው ልቡ ይሰፋል። በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚረጭ፣ ሲያርፍ ቀስ ብሎ ይመታል። የሴቷም ይሰፋል፤ ግድግዳው ግን እንደ ወንዱ አይወፍርም። እንደ ፈረንጆቹ በ1996 በወጣ ጥናት ጣሊያን ውስጥ 600 ምርጥ ሴት ስፖርተኞች ታይተው፣ የአንዷም የልብ ግድግዳ ከ12 ሚሊሜትር አላለፈም። ወንድ ሯጭ ላይ 13 ቢገኝ የልምምድ ነው ሊባል ይችላል። ሴት ላይ 13 ከተገኘ ግን ዝም አይባልም፣ በሽታ እንዳይሆን መጣራት አለበት። በወንድ መለኪያ ያያት ሰው ጤነኛ ነሽ ብሎ ሊሸኛት ይችላል። ጭራሽ ያላያትስ?

አንድ ቀን ማለዳ፣ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ በሚወጣው መንገድ ዳር ከአንዷ ልጃችን ጋር ተቀምጠን ነበር። ሁለት ጣቷን አንገቷ ላይ አድርጋ ትቆጥራለች፤ እኔ ሰዓት ይዣለሁ። በደቂቃ 44 አለች። ኮራሁባት። ከዚያ የጫማዋን ክር እያሰረች፣ «ጋሼ፣ እኛስ መቼ ነው የምንታየው?» አለችኝ። አፌ ተያዘ።

ወንዶቹ ይቅደሙ ብላችሁ እጅ አውጥታችሁ ዛሬ የቀራችሁ አላችሁ። የስድስት ወር መዋጮም አለባችሁ። እሱ ቢገባ ኖሮ ማን ይቅደም ብለን ባልተጨቃጨቅን። ጎረቤቶቻቸው እዚህ አላችሁና ንገሩልኝ፤ ተቀይሜያለሁ። በ1984 ዓ.ም. ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ እልል ያልነው አብረን ነው።

የዛሬው የመጀመሪያ አጀንዳ ይኸው ይሁንልኝ። የሴቶቹ ስም ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ነው። ከምሳ በፊት እየመጣችሁ፣ ከየትኛዋ ልጅ ስም አጠገብ ምን ያህል እንደምታስይዙ ጻፉ። የመጀመሪያዋን ልጅ እኔ ይዣለሁ።