መጀመሪያ «አለ» የሚለውን ጻፉ
(በሰፈር እድር ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድራችን ዳኛ፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ጎረቤቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

ስለ አስቤዛ አውራ ስባል መጀመሪያ ሳቄ ነው የመጣው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሰላሳና አርባ ዓመት ቤት ያስተዳደሩ እናቶች ተቀምጠዋል። እነሱ ፊት ቆሞ ስለ ሽንኩርት ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። እኔ ግን ጡረታ የወጣሁ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ወጥ አሠራር ምንም አልልም። የማወራው ስለ ደብተር ነው።

ባለቤቴ አምና ጉልበቷን አመማትና ሸመታው እኔ ላይ ወደቀ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት ፌስታል ሙሉ ገዝቼ፣ እንደ ጀግና ደረጃውን ወጥቼ ገባሁ። ፍሪጁን ስከፍት ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ሌላ ፌስታል አለ። ጎመን ነበር። «ነበር» ያልኩት ስነካው እጄ ላይ ስለፈሰሰ ነው። ከሥሩ ደግሞ ነጭ ፀጉር ያወጣ ካሮት ተኝቷል። እኔ ያን ቀን ምን ገዝቼ እንደመጣሁ ልንገራችሁ? ጎመንና ካሮት።

በማግስቱ ልጄ ጀምራ የተወችውን ደብተር አነሳሁና ከቤታችን የሚጣለውን ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ። ለአራት ሳምንት። የሻገተ እንጀራ 17። ቲማቲም ሁለት ኪሎ ገደማ። ወተት አንድ ሊትር ተኩል። ማንም ያላስታወሰው ወጥ ሦስት ሳህን። ግማሽ ሎሚ፣ አራት ጊዜ። (ግማሽ ሎሚ ለምን እንደምናስቀምጥ እስከ ዛሬ አልገባኝም።)

ምግብ የሚያባክኑት ሆቴሎችና ሰርግ ቤቶች ይመስሉኝ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ሪፖርት ግን ሌላ ይላል። በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የባከነው በመኖሪያ ቤት ነው። ሪፖርቱን ሳነብ የእኔ ጎመን ትዝ አለኝ።

ለምን ይጣላል? በደብተሬ ላይ ብዙ ቆዘምኩ። አንዱ ምክንያት ርቀት ነው። አትክልት ተራ ፒያሳ እያለ ከሥራ ስንወጣ ጎራ ብለን የምንፈልጋትን ታህል ይዘን እንገባ ነበር። በ2012 በኮሮናው ጊዜ ወደ ጃንሜዳ ሄደ፣ ከዚያ ኃይሌ ጋርመንት ገባ። እዚያ ድረስ ታክሲ ከፍሎ የሄደ ሰው «አንዴ ከመጣሁማ» ይላል፣ አሥር ኪሎ ይጭናል። አሁን ግን የእሁድ ገበያ አጠገባችን አለ። ገበያው ቀረበን፣ እኛ ግን ዛሬም የምንገዛው እንደ ሩቅ መንገደኛ ነው።

ትልቁ ምክንያት ግን ሌላ ነው። ስሙም «እንግዳ ቢመጣስ?» ይባላል።

እውነቱን እንነጋገር። ድስቱ ላይ አንድ ጭልፋ የምንጨምረው ለማን ነው? ለማይመጣው እንግዳ። ወንድሜ ድንገት ቢመጣ፣ የባለቤቴ አክስት ብቅ ብትል፣ ምን ይሉናል? ያ እንግዳ በአራቱ ሳምንት ውስጥ የመጣው አንድ ጊዜ ነው። እሱም በልቼ ነው የመጣሁት አለ። እንግዳ አትቀበሉ እያልኩ አይደለም፣ አፌን ቁርጥ ያድርገው! የእንግዳው ድርሻ ድስት ውስጥ ምን ይሠራል ነው የምለው። የእንግዳ ድርሻ ደረቅ ይሁን። ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ ድርቆሽ፣ ካለም ቋንጣ። እንግዳው ገብቶ ቡናው ተቆልቶ አቦሉ እስኪወርድ ሽሮው ተንተክትኮ ይደርሳል። ባይመጣም ሽሮው የትም አይሄድም።

አሁን ወደ ዝርዝሩ ልምጣ። ብዙዎቻችን ዝርዝር የምንጽፈው ሶፋ ላይ ተቀምጠን ነው። «ምን የለም?» እንላለን። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሁሉም ነገር የለም ይመስለዋል። እኔ ወረቀቱን ይዤ ጓዳ እገባለሁ። በግራ በኩል «አለ» ብዬ እጽፋለሁ። ሽንኩርት ስምንት ራስ፣ አለ። ድንች፣ አለ። ግማሽ ጥቅል ጎመን፣ አለ፣ ዛሬ ካልተሠራ ነገ የለም። በቀኝ በኩል የሚገዛው የሚጻፈው ግራው ካለቀ በኋላ ብቻ ነው። አንዳንድ ሳምንት ቀኙ አራት መስመር አይሞላም።

ከዚያ የቀን መቁጠሪያውን አያለሁ። ያንን አንድ ሊትር ተኩል ወተት አስታወሳችሁት? ማክሰኞ ማታ ነው የገዛሁት። ረቡዕን ማን ይጠጣዋል? በዚያ ላይ መብራት ሄዶ አደረ። ሐሙስ ጠዋት ሳፈላው ውሃውና አይቡ ተለያየ። በሳምንት ሁለት ቀን የሚጾም ቤት የወተትና የእንቁላል ሂሳቡ አምስት ቀን እንጂ ሰባት ቀን አይደለም። የሁዳዴ ዋዜማማ አይነሳ! ለቅበላ ብለን ፍሪጁን እንሞላለን፣ ሰኞ ጠዋት 55 ቀን ይጀምራል። 55 ቀን የሚጠብቅ አይብ የለም። ሙስሊም ጎረቤቶቼም ይህን ሲሰሙ እየሳቁ ነው፣ የረመዳንን የማፍጠሪያ ገበታ ያውቁታላ። በባዶ ሆድ ገበያ የወጣ ሰው የሚገዛው በዓይኑ ነው።

እንጀራን ለብቻው ላንሳው፣ ምክንያቱም ደብተሬ ላይ ያሳፈረኝ እሱ ነው። እኛ አራት ሰዎች በቀን ሰባት እንጀራ እንበላለን። የምንጋግረው በሳምንት ሁለት ጊዜ ነው። ሂሳቡ 24 ወይም 25 ይመጣል። እኛ ግን ሊጡ እስኪያልቅ 28፣ አንዳንዴም 30 እንጋግር ነበር። ለምን? ሊጡ ስላለ። ሊጡ ለምን በዛ? ዱቄቱ የሚለካው በዓይን ስለነበረ። አሁን ሲቦካ አንድ ጣሳ ይቀነሳል፣ በቃ። ሌላው ደግሞ ሙቀቱ ሳይወጣ ተደራርቦ ላስቲክ የሚገባው እንጀራ ነው። ላብ ያወጣል፣ በላቡ ይሻግታል። ባለቤቴ ይህን ታውቅ ነበር፣ እኔ ነኝ በችኮላ የማስገባው። ሦስተኛው ቀን ላይ የተረፈው ሳይሻግት ተቆራርሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ያ ነው የእንግዳው ድርቆሽ። ጤፉንም ቢሆን በእህልነቱ ገዝቶ ጥቂት ጥቂት ማስፈጨት ይሻላል። እህሉን ነቀዝም እምብዛም አይደፍረው።

ሁለት ትንንሽ ነገር ልጨምር። ቲማቲም ስትገዙ ግማሹ የበሰለ፣ ግማሹ ጠንከር ያለ ይሁን፣ ሁሉም በአንድ ቀን እንዳይለሰልስ። ድንችና ሽንኩርት አንድ ቅርጫት ውስጥ አይደሩ። አብረው ሲቀመጡ ቶሎ ይበላሻሉ ይባላል።

አሁን ለምን እዚህ እንደቆምኩ ልናገር። እድራችን ድንኳን ሲወጣ ይመዘግባል። ስንት ወንበር፣ ስንት ሳህን፣ ስንት ብረት ድስት ወጣ፣ ስንት ተመለሰ። አንድ ማንኪያ ብትጎድል ይጠየቃል። ለቅሶ ቤት ስንት እንጀራ ገባ፣ ስንት ተረፈ ብለን ግን ጽፈን አናውቅም። የዓመቱን ወጪ ሂሳብ እኔ ስለሠራሁት አውቃለሁ። «እንጀራ» የሚል አንድ መስመር ብቻ አለው። ከሦስተኛው ቀን በኋላ በማዳበሪያ ታስሮ የሚወጣውን ደግሞ ሁላችሁም አይታችኋል።

ስለዚህ ለዛሬው ስብሰባ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በንብረት መዝገቡ ላይ ከሳህኑ ሥር አንድ መስመር ይጨመር፤ የገባ እንጀራ፣ የተረፈ እንጀራ። ለሚቀጥሉት ስድስት ወራት መዝገቡን እኔ እይዛለሁ፣ አበል አልፈልግም። የሚደግፍ እጁን ያውጣ።