ጳጉሜ ደመወዝ የላትም፣ ቅጣት ግን አላት

እሺ፣ እየቀዳሁ ነው። ሰላም ናችሁ? ዝናቡ ከገባባችሁ ይቅርታ፣ ጅማ ነው ያለሁት፣ ቤቱ ደግሞ ቆርቆሮ ነው፤ እስኪያባራ ልጠብቅ ካልኩ ይሄ ክፍል መስከረም ጠብቶም አይወጣ። እናቴ ጓዳ ቡና እየቆላች ነው። ድምፄን ዝቅ ያደረግኩት ለዛ ነው፣ የዛሬውን ወሬ እሷ አልሰማችውም።

ስለ ቪዛዬ ነው። ማለቴ፣ ቀኑ አልፎ ስለተቃጠለው ቪዛዬ።

ዱባይ የገባሁት የካቲት 13፣ 2015 ነው። በቪዚት፣ 60 ቀን። ደላላው «አንተ ግባ ብቻ፣ ሥራ ስታገኝ ትቀይረዋለህ» አለኝ። ውሸቱን አልነበረም፣ የቀየሩ ልጆች አውቃለሁ። እኔ ግን ዴይራ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን እያጠብኩ ባለቤቱን ቪዛ በጠየቅኩት ቁጥር «ቡክራ» ይለኝ ነበር። ነገ ማለት ነው። የሱ ነገ እስከ ዛሬ አልመጣም።

አንድ ነገር በመሀል ልበላችሁ፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። ወረቀቱ ላይ ሁለት ዓይነት ጊዜ አለ። አንዱ ወረቀቱ ከወጣ በኋላ ሳያልፍብህ መግባት ያለብህ ጊዜ ነው። ሌላው ከገባህ በኋላ የምትቆይበት ነው፣ እሱ የሚቆጠረው ኤርፖርቱን ካለፍክበት ቀን ጀምሮ ነው። አብሮኝ የነበረ የአጋሮ ልጅ ሁለቱን አምታቶ «ገና ነኝ» ሲል አልፎበት ነበር።

የኔ እንኳን መምታታት የለበትም። ስልኬ ላይ ማስታወሻ ሞልቼ ነበር፣ ኤፕሪል 20፣ «ቪዛ» ብዬ። በኛ ሚያዝያ 12 መሆኑ ነው። የዛን ዓመት የኢድ ዋዜማ ነበር። ምግብ ቤቱ ተጨናንቋል፣ እኔ የቢሪያኒ ድስት ውስጥ እስከ ክርኔ ገብቻለሁ፣ ስልኩ ጮኸ። እጄ አረፋ ስለሆነ በክርኔ ነው የነካሁት። «በኋላ አስታውሰኝ» የሚለውን። በማግስቱም ጮኸ፣ በኋላ አልኩት። ሳምንት እንደዛ ቆየንና ማስታወሻውን አጠፋሁት።

ቅጣቱ በቀን 50 ድርሃም ነው። እዛ ያሉ ልጆች ጋራማ ይሉታል። በሦስተኛው ቀን 150 ነበረ እኮ! ኪሴ ውስጥ ነበረኝ፣ ቲኬቱን ደግሞ ተበድሬም ቢሆን አላጣም ነበር። ግን ሦስተኛው ቀን ላይ ባዶ እጄን ጅማ ልግባ? እናቴ ለማን ምን ብላ ትመልሳለች? እና «ትንሽ ልያዝና» አልኩ። ትንሽ ስይዝ ደግሞ ቅጣቱ ከያዝኩት በልጦ አገኘሁት። ከዛ በኋላ መቁጠር ተውኩ። ስሙኝ፣ ቁጥሩን አላውቀውም ነበር፣ ማባዛት አቅቶኝ አይደለም፣ 12ኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ።

እናቴ «መቼ ነው?» ስትለኝ «ለኢድ» እላታለሁ። እንደዛ እያልኩ የመጀመሪያውን ጨምሮ አራት ኢድ አለፈ። ሜትሮ ውስጥ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ባየሁ ቁጥር እወርዳለሁ፣ የጽዳት ሠራተኛም ቢሆን እወርዳለሁ። አንዴ ለአንድ ጥበቃ ብዬ ሦስት ፌርማታ በእግሬ ሄጃለሁ፣ በዛ ሙቀት።

መሀል ላይ አንድ የኛው ሰው መጣ። ሰው አውቃለሁ፣ ሲስተም ውስጥ ገብቶ ያጠፋልሃል አለ። 3,000 ድርሃም ሰጠሁት። በሳምንቱ አረንጓዴ ምልክት ያለበት ገጽ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፣ «ንጹሕ ነህ» ብሎ። ተኛሁ ያን ለሊት፣ እውነቴን ነው፣ እንደ ሕፃን ተኛሁ። በኋላ አንድ ልጅ በፓስፖርት ቁጥሬ የኢሚግሬሽኑ ድረ ገጽ ላይ ሲያይልኝ ቅጣቱ እዛው ቁጭ ብሏል። በነጻ፣ በሁለት ደቂቃ የሚታይ ነገር ነበር። ሰውዬው ስልክ ቀይሯል።

ከዛ በፈረንጅ የ2024ቱ ምህረት መጣ፣ ቪዛ ለተቃጠለበት ሰው። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ኦክቶበር 31 ነበር የተባለው፣ በኋላ እስከ ዲሴምበር 31 አራዘሙት። ቅጣት ይነሳል፣ እገዳ አይመታብህም። ሁላችንም ወጥመድ ነው አልን። የጅማ ልጅ ነን፣ የሳዑዲ ተመላሽ የሌለበት ሰፈር የለም፣ ስንቱን ሰምተን ነው ያደግነው። ዘጠኝ ቀን ሌሎች ሄደው እስኪመለሱ ጠበቅኩ። በአሥረኛው ሄድኩ፣ ጳጉሜ 5፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። የኔ ነገር ሁሉ ዋዜማ ላይ ነው።

አል አዊር፣ የዱባይ ኢሚግሬሽን ጋ፣ ድንኳን ተክለዋል። ሰልፉ ላይ ከፊቴ የሰቃ ልጅ ነበረች፣ ፓስፖርቷ ማዳሟ ጋ ቀርቷል፣ ከቆንስላው ሌሴ ፓሴ፣ በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጠውን የመሄጃ ወረቀት፣ ልታወጣ ነው። እሷ ናት «የስንት ቀን ነው ያንተ?» ያለችኝ። አላውቅም ስላት ሳቀችብኝ። እዛው ቆሜ ስልኬን አወጣሁ። 509 ቀን። በ50 ሲባዛ 25,450 ድርሃም። የሁለት ዓመት ጳጉሜ፣ አሥራ አንድ ቀን፣ አለበት። ጳጉሜ ደመወዝ የላትም ይባላል እንጂ ለቅጣት ሲሆን አትቀርም።

ተራዬ ደረሰ። አሻራ ላይ ማሽኑ ጣቴን እምቢ አለው። አንዴ፣ ሁለቴ። ለካ ሳሙናው የጣቴን ጫፍ ልጦት ነበር፣ እንደ ተላጠ ድንች አንጸባርቋል። አሻራ የምትቀበለው ልጅ ሶፍት ሰጠችኝ፣ ጠረግኩ፣ ተጫንኩት። እምቢ። በግራው ሞከርን። በመጨረሻ አውራ ጣቴን በራሷ እጅ ይዛ ጫን አደረገችውና ተቀበለ። ቀና ብላም አላየችኝም። እኔ 509 ቀን የሸሸሁት ሰው እሷ ነበረች፣ ከምሳ በፊት ሰልፉን መጨረስ የፈለገች ልጅ።

የመውጫ ፈቃዱ 14 ቀን ነበረው። በአራተኛው ቀን በረርኩ። ወደ ጅማ በመኪና ጊቤን ስንወርድ መስኮቱን ከፈትኩ። ለእናቴ ለእረፍት ነው የመጣሁት አልኳት። እረፍቱ ረዘመ፣ እሷም አልጠየቀችኝ። ታውቃለች መሰለኝ። ወይም አታውቅም።

ይሄን ሁሉ የቀዳሁት ትናንት ማታ አንድ ልጅ ከዱባይ ስለጻፈልኝ ነው። ቪዚት፣ ካለፈበት 11 ቀን ሆኖታል። ኤርፖርት ሄጄ ብከፍል ይሻላል ወይስ ልቆይ አለኝ። ወንድሜ፣ ያ ምህረት ተዘግቷል፣ ሌላ ይመጣል ብለህ አትጠብቅ። ኤርፖርትም ይከፈላል፣ ግን በረራህ ሊነሳ ሲል ወረፋ ላይ አትገኝ። ቀድመህ አመር ሴንተር፣ የቪዛ ጉዳይ የሚጨርሱበት ቢሮ፣ ግባና ያለብህን ጠይቅ፣ ከፍለህ ደረሰኙን ያዝ፣ የመውጫ ፈቃድ ካሉህ አውጣ። «አጠፋልሃለሁ» ለሚልህ ሰው ሻይ እንኳን አትጋብዘው።

እማ ቡና ደርሷል እያለችኝ ነው። መጣሁ እማ!

ትናንት 550 ነበር ያንተ። ዛሬ 600 ነው።