ዲሽዋሸሩ ምንም አይሸከምም፦ ቦታውንና ደጋፊውን ከግራናይቱ በፊት አስቡ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች! ዛሬ የምናወራው ስለ አንዲት ክፍተት ነው። ወርዷ 24 ኢንች፣ ጥልቀቷ 24 ኢንች፣ ቁመቷ 34 ኢንች ተኩል። አዎ፣ ዲሽዋሸሩ፣ የሳህን ማጠቢያው ማሽን፣ የሚገባባት። ኩሽና ሲታደስ ባልና ሚስት በካቢኔቱ ቀለም ይከራከራሉ፣ ለግራናይቱ ሱቅ ለሱቅ ይዞራሉ፣ ለዚህች ክፍተት ግን ማንም አይጨነቅላትም። እኔ እጨነቅላታለሁ። ካቢኔት የላትም፤ በላይዋ ግን ድንጋይ፣ የካውንተሩ ግራናይት፣ ያልፋል። ልድገመው፦ ካቢኔት የለም፣ ድንጋይ አለ።

ዲሽዋሸር ካቢኔት ውስጥ አይቀመጥም። በሁለት ካቢኔቶች መሀል፣ ወለሉ ላይ፣ በራሱ እግር ይቆማል። የጎኑ ግድግዳ የጎረቤቱ ካቢኔት ነው። ጎረቤት ካለው ማለቴ ነው! በካቢኔቱ መስመር መጨረሻ ላይ ከሆነና በአንድ በኩል ጎረቤት ከሌለውስ? የዛሬው ጉዳይ እዚያ ላይ ነው።

እኔ ይህንን ሁልጊዜ በድንኳን ነው የማስረዳው። የሰርግ ድንኳን አስቡ። ከዋዜማው ጀምሮ የሰፈር ጎረምሶች ምሰሶ ይተክላሉ፣ ገመድ ይወጥራሉ፣ ሸራው ይጣላል፣ ወንበር ይደረደራል። ከዚያ እንግዳ ይገባል። አንድ ደንዳና፣ ትከሻው የሰፋ አጎት መጥቶ በሁለት ምሰሶዎች መሀል ይቀመጣል። ቁመቱ ራሱ ምን የመሰለ! አናቱ ሸራውን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ከሩቅ ያየ ሰው ድንኳኑን የያዘው አጎታችን ሊመስለው ይችላል። አጎታችን ግን የመጣው ለመብላት ነው! ቁርጡን ይቆርጣል፣ ጠጁን ይጠጣል፣ እስክስታውን ይመታል፣ ሲመሽ መርቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እሱ ሲሄድ ድንኳኑ ይወድቃል? አይወድቅም፤ ምሰሶ አለው። አሁን ደግሞ ድንኳን ተካዩ «እዚህ ጋ ምሰሶ ምን ያደርጋል፣ አጎታችን ይቀመጥበታል» አለ እንበል። ዘፈኑ ሞቅ ብሎ አጎታችን ብድግ ያለ ጊዜ ሸራው ሙሽሮቹ ላይ ነው።

ዲሽዋሸር እንግዳ ነው። ይመጣል፣ ይሠራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዓመታት በኋላ ይበላሽና ይወጣል፣ በቦታው ሌላ ይገባል። ግራናይቱ ግን እዚያው ነው። ምሰሶውን ለግራናይቱ ትከሉለት። ምሰሶው ለግራናይቱ!

እንዲህ ያለ ነገር የሚጠቅማችሁ ከሆነ ሰብስክራይብ አድርጉ፤ ቤት ልታድሱ ላሰባችሁ ዘመዶቻችሁም አሁኑኑ ላኩላቸው። ድንጋዩ ከተጫነ በኋላ ቢያዩት ብዙ አይረዳቸውም።

እሺ። አሁን ወደ ዋናው ልገባ ነበር፤ ግን ባለፈው ቪዲዮ ሥር ደጋግሞ የመጣ አንድ ሐሳብ አለ፤ ሳልመልሰው አላልፍም። ሐሳቡ ይሄ ነው፦ «ወንድሜ፣ ዲሽዋሸሩ ብረት ነው። እግሩም እየተሽከረከረ ከፍ ዝቅ ይላል። ድንጋዩን እስኪነካ ድረስ ከፍ ብናደርገው ደግፎ ይይዝልን የለ? በጎኑ ቆሞ ድንጋዩን ለሚይዝ የእንጨት ፓነል ገንዘብ ለምን እናወጣለን?»

የጠየቃችሁኝ ሰዎች፣ ነገሩ ለምን እንደሚያሳስት ይገባኛል። በእጅ ሲነኩት ጠንካራ ይመስላላ! ነገር ግን የማሽኑ ጎን ስስ ቆርቆሮና ፕላስቲክ ነው፤ የተሠራው ውሃና ሳህን እንዲይዝ ነው። 3 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ግራናይት በዚያች 24 ኢንች ክፍተት ላይ ብቻ ወደ 70 ፓውንድ ይመዝናል፤ 32 ኪሎ ገደማ። ልጅ ይወጣበታል፣ ጎልማሳ በክርኑ ይደገፍበታል፣ ሙሉ ድስት ይቀመጥበታል። ማሽኑ ያንን ሁሉ ሲሸከም ክፈፉ ይጣመማል፣ በሩ እኩል መግጠም ያቅተዋል፣ በሩ ካልገጠመ ደግሞ ውሃ ያፈሳል። እግሮቹስ? የተሰጡት ማሽኑን በውሃ ልክ ለማስተካከል ነው፤ እንደ ክሪክ ድንጋይ ለማንሳት አይደለም። በማሽኑና በድንጋዩ መሀል ትንሽ አየር ይኑር።

እንዲያውም የሚደገፈው ማሽኑ ራሱ ነው! በሩን ከፍታችሁ፣ የታችኛውን መደርደሪያ በሳህን ሞልታችሁ ስትስቡት ማሽኑ ወደ ፊት መደፋት ይፈልጋል። ለዚህ ነው ከሁለት ትንንሽ ማሰሪያ ብረቶች ጋር የሚመጣው። ካውንተሩ እንጨት ከሆነ ከላይ ይታሰራል። ድንጋይ ከሆነ ከታች በብሎን መብሳት ስለማይሆን በጎን ካለው ካቢኔት ጋር ይታሰራል። ጎን ላይ ካቢኔትም ፓነልም ከሌለ ከምን ጋር ታስሩታላችሁ? አያችሁ፣ እንግዳውም የሚደገፈው ምሰሶውን ነው።

ከዚህ የተነሳ ደግሞ ሌሎች ከሚገባው በላይ ፈርተው «ታዲያ ድንጋዩ መሀሉ ላይ ሊሰነጠቅ ነው?» ብለው ጻፉልኝ። አይሰነጠቅም። ግራናይት በግራም በቀኝም እኩል ከተደገፈ 24 ኢንች ምንም አይሉትም። በድንጋይ ሠራተኞች ዘንድ የሚታወቀው ልክ 2 ሴንቲሜትር ውፍረት ላለው 24 ኢንች፣ 3 ሴንቲሜትር ላለው 36 ኢንች ነው። ችግሩ በአንድ በኩል ብቻ ሲደገፍ፣ ወይም የድንጋዩ መገጣጠሚያ በዲሽዋሸሩ ላይ ሲያርፍ ነው። ልክ ሊወስዱ ሲመጡ «መገጣጠሚያው እዚህ ላይ እንዳይሆን» በሏቸው። አትፈሩ፣ በሏቸው።

እንግዲህ ሥራው፤ ይህን ክፍል ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት በፍጥነት ነው የማልፈው።

(ስክሪኑ ላይ፦ የጎን ፓነሉ ሥዕል)

ጎረቤት በሌለበት በኩል የጎን ፓነል ይቆማል፦ ውፍረቱ ሦስት ሩብ ኢንች፣ ቁመቱ እንደ ካቢኔቱ 34 ኢንች ተኩል። ከታች ወለሉ ላይ በተመታ ጣውላ፣ ከኋላ ከግድግዳው ጋር ይታሰራል። ዝም ብሎ በሙጫ የቆመ ፓነል ምሰሶ አይባልም። ከኋላ ግድግዳው ላይ፣ የግድግዳው ቋሚ እንጨቶች ላይ በብሎን የታሰረ አግዳሚ ጣውላ ድንጋዩን ከጀርባ ይቀበላል። ፓነሉን ከቺፑድ አታሠሩ፤ እግሩ ውሃ በጠጣ ቁጥር ያብጣል። ፕላይዉድ ይሁን፣ የታችኛው ጠርዝ ይታሸግ። ያቺን ሦስት ሩብ ኢንች ደግሞ በኩሽናው ፕላን ወረቀት ላይ ቁጠሯት! ቦታው 24 ብቻ ከተያዘለት ፓነሉ የት ይቆማል?

ሶኬቱ ከማሽኑ ጀርባ ሳይሆን በጎኑ በሲንኩ ካቢኔት ውስጥ ይሁን፤ የአሜሪካው የኤሌክትሪክ ኮድም የሚለው ይህንኑ ነው። የፍሳሽ ቱቦው ከመውረዱ በፊት እስከ ካውንተሩ ሥር ወጥቶ ይታሰር፣ አለዚያ የሲንኩ ቆሻሻ ውሃ ወደ ማሽኑ ይመለሳል። ጨረስን።

ቦታው። የአሜሪካ የኩሽና ባለሙያዎች ማኅበር መመሪያ ከሲንኩ ጠርዝ ከ36 ኢንች አይራቅ ይላል። እኔ ከዚያም ቢቀርብ እወዳለሁ፤ በተለይ በእኛ ቤት፣ ወጥ የነካው ሳህን ታጥቦ ሳይሆን ተለቅልቆ ነው የሚገባው፣ እየተንጠባጠበ ነው የሚሄደው። ግራ ወይስ ቀኝ ለምትሉ፣ ቀኝ እጃችሁ የሚያጥብ ከሆነ ሳህኑን የያዘው ግራ እጃችሁ ነው፤ ስለዚህ ግራ ይመቻችኋል። ጀበናውን ግን እባካችሁ በእጅ እጠቡት!

ጥግ ላይ ያለውን ነገር ግን ሳላስጠነቅቅ አላልፍም። ዲሽዋሸሩን ጥጉ ድረስ ገፍታችሁ ካስገባችሁት፣ በሩ ሲወርድ በጎን ካለው መሳቢያ እጀታ ጋር ይጋጫል። ቢያንስ ሁለት ኢንች መሙያ እንጨት ጥጉ ላይ ይግባ። ሲንኩ በአንዱ ግድግዳ፣ ማሽኑ በሌላው ግድግዳ ከሆነ ደግሞ በመሀላቸው ሰው የሚቆምበት 21 ኢንች ይተውላቸው። ዛሬውኑ ወለላችሁ ላይ በቴፕ ለጥፋችሁ ቁሙበት፤ በሩ ሲወርድ ከማሽኑ ፊት 25 ኢንች ያህል ይይዛል፣ እሱንም ለጥፉ።

ወለሉ ደግሞ ከማሽኑ በፊት ይነጠፍ፤ እስከ ግድግዳው ድረስ፣ ከማሽኑ ሥር ጭምር። አሮጌውን ማሽን ሳያወጡ ከፊቱ ታይል ደርድረው የሚሄዱ ሠራተኞች አሉ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ሲበላሽ ከታች ታይል፣ ከላይ ግራናይት ይዘውት አይወጣም። ወይ ታይል ይሰበራል ወይ ድንጋይ ይነሳል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለምታዩኝ ሁለት ነገር። ልኩ የአውሮፓ ነው፤ ወርዱ 60 ሴንቲሜትር፣ ለጠባብ ኩሽና 45፣ ቁመቱ ከ82 ይጀምራል። ካቢኔት ሠሪያችሁ ሥራ ሳይጀምር የማሽኑን ወረቀት ስጡት። ከአሜሪካ ማሽን አትጫኑ፤ የአሜሪካው 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ የአገር ቤቱ 220 ቮልት 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንስላችኋል፣ ኸርዙን አይቀይርም።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ብዙ ማሽኖች ቢያንስ 0.5 ባር ግፊት ይፈልጋሉ። አንድ ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ስለሚሰጥ፣ ውሃችሁ ከሮቶ የሚወርድ ከሆነ ሮቶው ከማሽኑ ቢያንስ አምስት ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ጣራው ዝቅ ያለ ከሆነ ትንሽ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ የፓምፑን መስመርና ሶኬት ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት አስቀብሩ። የኩሽናችሁን ልክና የሮቶውን ከፍታ ከሥር ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ቪዲዮ የሦስታችሁን ኩሽና ወስጄ በወረቀት ላይ እሠራላችኋለሁ።