መስኮቱን ማን ሠራው?

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ ወጣት ሰዓሊዎች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ ስለ አንድ ትምህርት ቤት የጸሎት ቤት ባለቀለም የመስታወት መስኮቶች ላወራችሁ ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ። ትምህርት ቤቱ አውንድል ይባላል፤ እንግሊዝ አገር፣ ኖርዝሃምፕተንሺር ውስጥ ነው። የጸሎት ቤቱ የተሠራው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ የትምህርት ቤቱ ልጆች መታሰቢያ እንዲሆን ነው።

ከመሠዊያው ጀርባ ሦስት መስኮቶች አሉ። በእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ምስል፣ በድምሩ ዘጠኝ። ዘጠኙም ክርስቶስ ናቸው። በአንዱ መንገድ፣ እውነትና ሕይወት ነው። በሌላው የወይን ግንድ፣ እንጀራና ውሃ። በሦስተኛው ፈራጅ፣ መምህርና እረኛ። ምስሎቹ ረጃጅም ናቸው፤ ቀጥ ብለው ፊት ለፊት ያዩሃል። የሚያባብል ፊት የላቸውም። እኔ የምወዳቸውም ለዚህ ነው። ለልጆች ተብሎ የተለሳለሰ ነገር የለም።

ማን ሠራቸው ብላችሁ ብትጠይቁ «ጆን ፓይፐር» ትባላላችሁ። እውነት ነው። ግን ግማሽ እውነት ነው።

ፓይፐር ሰዓሊ ነበር። በ1940 በእንግሊዟ ከተማ በኮቨንትሪ ያለው ካቴድራል በቦምብ በነደደ ማግስት ሄዶ ፍርስራሹን የሣለው እሱ ነው። የድሮ አብያተ ክርስቲያናት መስታወት ነፍሱ ነበር። ነገር ግን የአውንድል ሥራ ሲሰጠው ዕድሜው ወደ ሃምሳ ቢደርስም አንድም መስኮት ሠርቶ አያውቅም። ንድፉን በወረቀት ላይ በቀለም ይሠራል። ከዚያ በኋላስ?

ከዚያ በኋላ መስታወት ሠሪው ፓትሪክ ሬንቲየንስ አለ። በ1954 ገና 28 ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ ፓይፐር ሁለት ራሶች ሣለለት፤ እሱ ወደ መስታወት ለወጣቸው። ሙከራ ነበር። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት አብረው ሠሩ።

«ለወጣቸው» ስል ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኔም መስታወት እቆርጣለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ። ወረቀት ላይ ያለ ቀለም ብርሃን ያርፍበታል። መስታወት ግን ብርሃን ያሳልፋል። ሰማያዊው ብርሃን ሲያገኝ ይንቦገቦግና ጎረቤቱን ይውጣል። ቀዩ ደግሞ ባለበት ይረጋል። ወረቀቱ ላይ እኩል የነበሩት ሁለት ቀለሞች መስኮቱ ላይ እኩል አይሆኑም። ስለዚህ ቆራጩ ይመርጣል። የትኛው ሰማያዊ? ምን ያህል ውፍረት? እርሳሱስ በየት በኩል ይለፍ? (እርሳስ የምለው ብረቱን ነው፤ ቁርጥራጮቹን አያይዞ የሚይዛቸውን።) ያ ጥቁር መስመር ፊት ላይ ካለቦታው ካለፈ ፊቱ ጠፋ ማለት ነው።

ከዚያ በብረት ኦክሳይድና በተፈጨ መስታወት በተቀመመ ጥቁር ቀለም ዓይኑ፣ ጥላው፣ የልብሱ እጥፋት ይሣላል። ቁርጥራጩ እቶን ይገባል። ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ቀለሙ ከመስታወቱ ጋር ይዋሃዳል። ቢጫ ከተፈለገ የብር ውህድ ይቀባል፤ እሳቱ ቢጫ ያደርገዋል። አንድ ቁራጭ እቶን ውስጥ ከተሰነጠቀ እንደገና ከመቁረጥ ይጀመራል። ይህን ሁሉ የሚወስን እጅ «ረዳት» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

የአውንድል መስኮቶች በ1956 አለቁ። ቀጥሎ ኮቨንትሪ መጣ። ፓይፐር በነበልባሉ ማግስት የሣለው ካቴድራል ጎን አዲስ ሲገነባ፣ የጥምቀት ቦታውን ግዙፍ መስኮት ሁለቱ ሠሩት። ወደ 200 የሚጠጋ ክፍል አለው። መሃሉ ላይ ወርቅና ነጭ ብርሃን ይፈነዳል። ካቴድራሉ በ1962 ተመረቀ።

ሌላም ትምህርት ቤት አለ፤ ኢተን። በ1940 መጨረሻ ቦምብ ወድቆ የጸሎት ቤቱን መስታወት ከሞላ ጎደል ሁሉንም አረገፈው። ትልቁን የምሥራቅ መስኮት የሠራችው አየርላንዳዊቷ ኢቪ ሆን ናት። ልጅ ሳለች ፖሊዮ ይዟት ዕድሜዋን ሙሉ ታነክስ ነበር፤ እጇም ተጎድቷል። በዚያ እጅ ነው ያን የሚያህል መስኮት የተነሣው! ከላይ ስቅለቱ፣ ከታች የመጨረሻው እራት። በ1952 ጨረሰችው። ከሦስት ዓመት በኋላ አረፈች። ከእሷ መስኮት ጎን ያሉትን ስምንት መስኮቶች፣ አራት ተአምርና አራት ምሳሌ፣ ፓይፐርና ሬንቲየንስ ሠሩ።

አስቡት፤ አንድ ተማሪ እዚያ ወንበር ላይ ለዓመታት ይቀመጣል። ስብከቱን ሁሉ አይሰማም። ዓይኑ ግን መስኮቱ ላይ ነው። ደመና ሲያልፍ ሲጨልም ያያል፣ ፀሐይ ስትወጣ ወለሉ ሲቀላ ያያል። ማን እንደቆረጠው ቢነገረው እላለሁ። የሁለቱም ስም ግድግዳው ላይ እኩል ቢጻፍ ደስ ይለኛል። ሬንቲየንስ በ2021 በ95 ዓመቱ ነው ያረፈው፤ ብዙ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ ስሙን ከፓይፐር ቀጥሎ ብቻ ነው የሚያውቀው።

አሁን መብራቱን አጥፉልኝ። የመጀመሪያው ምስል እነዚያ ሁለት ራሶች ናቸው። ቀለሙን ተዉትና መጀመሪያ እርሳሱን ተከተሉ።