«በሉ ይቅርታ ተባባሉ» ማለት የተውኩበት ቀን

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ ሲከነክነኝ የቆየ ነገር ላጫውታችሁ።

አስተማሪ ነኝ። ለብዙ ዓመት ልጆች ሲጣሉ ጎን ለጎን አቆምና «ማን ጀመረው?» እላለሁ። ከዚያ «በሉ ይቅርታ ተባባሉ፣ ተጨባበጡ»። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እጃቸው ይገናኛል፣ ዓይናቸው ግን መሬት ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ሁለት ሴት ልጆች ተጣሉ። አንዷ የቡድን ሥራውን ስታስረክብ የጓደኛዋን ስም ሆን ብላ አልጻፈችም። እንደለመድኩት አስታረቅኳቸው። በማግስቱ ባሰባቸው። ያኔ ተማሪዎችን ለሽምግልና ማሠልጠን ጀምረን ነበርና «እነሱ ዘንድ ትቀርባላችሁ?» አልኳቸው። እሺ አሉ። ካልፈለጉ ማስገደድ የለም። እኔም አስፈቅጄ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

አሸማጋዮቹ ሁለት ነበሩ፤ በዕድሜ ከተጣሉት አይበልጡም። መጀመሪያ ደንቡን ተናገሩ፦ አንዱ ሲያወራ ሌላው አያቋርጥም፣ ስድብ የለም፣ እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል። ሰው ላይ አደጋ የሚያመጣ ነገር ከተሰማ ግን ለአዋቂ ይነገራል። ከዚያ አንዷ ጠየቀች፦ «ስሟን ስትተዪው ምን ተሰምቶሽ ነበር?»

ዝም። በጣም ረጅም ዝምታ። እኔ ብሆን መሐል እገባ ነበር። አሸማጋይዋ ግን ጠበቀች።

«ሳምንት ሙሉ ታምሜ ስቀር አንዴ እንኳ አልደወለችልኝም።»

ለካ ጠቡ የስም አልነበረም። «ማን ጀመረው?» የምትለው የእኔ ጥያቄ በጭራሽ እዚያ አታደርስም፤ ጥፋተኛ ከመፈለግ አታልፍም። አሸማጋዮቹ አልፈረዱም። የሰሙትን በራሳቸው ቃል መልሰው «እንዲህ ማለትሽ ነው?» አሉ። መፍትሔውን ያመጡት የተጣሉት ራሳቸው ናቸው። ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ፈረሙ።

ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ኮሚዩኒቲ ቦርድስ የተባለው ድርጅት የሰፈር ሽምግልናን በ1982 (እ.ኤ.አ.) ወደ ትምህርት ቤት አስገብቶታል።

አንድ ነገር ግን አደራ። አንድ ልጅ ሌላውን እየደጋገመ የሚያሸማቅቅ ከሆነ ለሽምግልና አታቅርቧቸው። ሽምግልና አቅማቸው ለተመጣጠነ ነው። የሚፈራ ልጅ ከሚያስፈራው ፊት ለፊት ተቀምጦ «እንስማማ» ሲባል እንደገና ይጎዳል። እዚያ ላይ የአዋቂ ሥራ ነው፤ መጀመሪያ ልጁን መጠበቅ።

ሌላው፣ አሸማጋይ ማን ይሁን የሚለው ነው። እኛ ጨዋና ጎበዝ ተማሪዎችን መርጠን ነበር። በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ወንድማማች ፕሮፌሰሮች ዴቪድና ሮጀር ጆንሰን ግን ክፍሉ በሙሉ ይሠልጥን፣ ሁሉም በተራው ያሸማግል ይላሉ። ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ይህን ችሎታ ከማንም በላይ የሚፈልገው ቡጢ የሚቀድመው ልጅ ነው እኮ።

ዘንድሮ እንደዚያ ያለ አንድ ተማሪ አለኝ። ስሙን አስመዘገብኩ። «እኔን ነው?» አለኝ ደንግጦ። ሥልጠናው ሰኞ ይጀምራል።