አልሄድ ያለ የዓይን ቆብ እብጠትና ሽፍታ፦ ከየት ይመጣል? ምን ይደረግ?

(ምስል፦ በቅርብ የተነሣ የዓይን ቆብ። ቀልቷል፣ ደርቋል፣ እጥፋቱ ላይ ቆዳው ተልጧል።)

ተራኪ፦ የዓይን ቆብ ቆዳ ከሰውነታችን ሁሉ ስሱ ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የራስ ቆዳና የእጅ ጣት ችለው የሚያሳልፉትን ነገር ቆቡ አይችለውም። ስለዚህ ሁለቱም ቆቦች ለሳምንታት ሲያሳክኩ፣ ሲቀሉና ሲላጡ ቀድሞ የሚጠረጠረው የንክኪ አለርጂ ነው። አብዛኛው ሰው የሚፈትሸው ግን ዓይኑ ላይ የተቀባውን ብቻ ነው። ጠንቁ ብዙ ጊዜ ያለው ጥፍርና ፀጉር ላይ ነው።

(ምስል፦ ጥፍር የተቀባች እጅ ዓይን ስታሽ።)

የጥፍር ቀለምና የጄል ጥፍር ጣት ላይ ምንም ምልክት ሳያሳዩ ቆብን ሊያሳብጡ ይችላሉ። እጃችን ሳናስበው ዓይናችን ላይ ይውላልና። በጄልና በአርቴፊሻል ጥፍር ውስጥ ያለው አክሪሌት የሚባል ኬሚካል በተለይ በደንብ ሳይደርቅ ሲቀር አለርጂ ያስነሣል። የፀጉር ቀለም ደግሞ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለው፤ ሂና እንዲጠቁር ተብሎም ይጨመርበታል። ፀጉር ሲታጠቡ የሚወርደው ውሃ ቆቡ ላይ ያልፋል። ሽቶ፣ ሻምፑ፣ የሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት ማጣበቂያና ኩልም እዚሁ ይመደባሉ። አንዳንድ ኩል እርሳስ ስላለበት ለሕፃናት ጨርሶ አይኳልም።

ሁለት ነገሮች ሰውን ያሳስታሉ። አንደኛው ጊዜው ነው፦ የንክኪ አለርጂ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ነው። ቅዳሜ የተቀቡት የፀጉር ቀለም ሰኞ ቢያሳብጥዎ እሑድ የበሉትን ይጠረጥራሉ። ሁለተኛው «ይሄንንማ ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ» የሚለው ነው። ሰውነት ለዓመታት የለመደውን ነገር አንድ ቀን ሊጠላው ይችላል።

ለሕክምና የገባ መድኃኒትም አለርጂ ይሆናል። ኒዮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ያለበት ቅባትና አንዳንድ የዓይን ጠብታ ውስጥ ያለው ማቆያ ኬሚካል የታወቁ ናቸው። ጠብታውን በጨመሩ ቁጥር ዓይኑ ከባሰ፣ ያዘዘልዎትን ሐኪም ያማክሩ። የግላኮማ (የዓይን ግፊት በሽታ) ጠብታን ግን በራስዎ አያቋርጡ።

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ መዋቢያዎች አንድ በአንድ ሲነሡ።)

እንክብካቤው በመተው ይጀምራል። የፊት ቅባት፣ ኩል፣ የጥፍር ቀለም፣ ሽቶ፣ ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት፣ ኮንታክት ሌንስ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይቁሙ፤ ቢያንስ ለ4 ሳምንት። ፊትዎን ያለ ሳሙና በለብታ ውሃ ይታጠቡ፣ ሳያሹ በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁ፣ ጠዋትና ማታ ዓይንዎን ጨፍነው ሽታ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርገው ይቀቡ። ሲያሳክክ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያስቀምጡ። ማከክ ቆዳውን አቁስሎ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል።

ቆቡ ከዳነ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ዕቃ ብቻ ይመልሱ። የፊት ቅባት ከሆነ መጀመሪያ የክርን እጥፋት ላይ፣ የሳንቲም ስፋት ባለው ቦታ፣ በቀን 2 ጊዜ ለ7 ቀን ይሞክሩት። ቀላ ካለ ወይም ካሳከከ ይጣሉት። ይህ ሙከራ ግን ለፀጉር ቀለም፣ ለጥፍር ቀለምና ለሻምፑ አይሆንም።

አሁን አጥብቀን የምንናገረው ነገር አለ። ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ የሚገዙት ክሎቤታዞልና ቤታሜታዞን የሚባሉት ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባቶች ለዓይን ቆብ አይደሉም። በሁለት ቀን እብጠቱን ያጠፉታል፤ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። ሲያቆሙ ብሶ ይመለሳል፣ እንደገና ይቀባሉ፣ ቆዳው እየሳሳ ይሄዳል። ቅባቱ ወደ ዓይን ሲገባ የዓይን ግፊትን ጨምሮ ግላኮማ፣ ሲቆይም የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ፊት ለማቅላት የሚሸጡ ክሬሞችም እነዚሁ ሊኖሩባቸው ይችላሉ። ሐኪም ካዘዘ የሚበቃው 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ነው፤ ስስ ሆኖ፣ በቀን 2 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 7 ቀን። ደጋግሞ ለሚመለስ፣ ስቴሮይድ ያልሆነ ታክሮሊመስ የሚባል ቅባት አለ፤ እሱንም ሐኪም ነው የሚያዘው። «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ጨምቆ የተላጠ ቆብ ላይ ማድረግም ቁስሉን ያባብሳል።

(ምስል፦ የሽፋሽፍት ሥር፣ ቅርፊት የያዘ።)

ሁሉም ግን አለርጂ አይደለም። ቅርፊቱ ሽፋሽፍት ሥር ከሆነና ጠዋት የሚያጣብቅ ከሆነ የቆብ ጠርዝ ብግነት ነው፤ ፎረፎር ያለባቸው ላይ ይበዛል። ለብ ያለ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ፣ በቀን 2 ጊዜ፣ ከዚያ ጠርዙን በስሱ መጥረግ። ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ የሚወጋ ከሆነ ትራኮማ ሊሆን ይችላል፤ መንቀል ዘላቂ መፍትሔ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ሽፍታ የሌለው፣ ጠዋት ጠዋት በሁለቱም ዓይን የሚታይ እብጠት፣ ከእግር እብጠት ወይም አረፋ ከሚበዛው ሽንት ጋር ከመጣ የኩላሊት ምርመራ ይደረግ። ወይን ጠጅ መልክ ያለው ሽፍታና ደረጃ መውጣት ያቃተው ጭን አብረው ከታዩ የጡንቻና የቆዳ ብግነት ይጠረጠራል። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው ቆቡ ወይም ከንፈሩ ድንገት ካበጠና ትንፋሽ ካጠረው በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

ትኩሳት ካለ፣ ዓይን ወደ ውጭ ከገፋ፣ ሲያንቀሳቅሱት ካመመ ወይም እይታ ከደበዘዘ ነገን አይጠብቁ። በግንባርና በአፍንጫ ጫፍ በአንድ ወገን ብቻ የወጣ፣ የሚያቃጥል ውሃ የቋጠረ ሽፍታ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል።

በ4 ሳምንት ካልተሻለ ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ። የአለርጂ ምርመራው ጀርባ ላይ በሚለጠፍ ፕላስተር ነው፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ይነሣል፣ ከ2 ቀን በኋላም እንደገና ይታያል። ሲሄዱ ቤት ያለውን ቅባት፣ ጠብታ፣ ሻምፑና የጥፍር ቀለም ከነካርቶኑ በፌስታል ይያዙ፤ ያበጠ ዕለትም በስልክ ፎቶ ያንሡ፤ በቀጠሮው ቀን እብጠቱ ጎድሎ ሊገኝ ይችላልና።